የጠብታ ጉልበት

የመጭመቂያው ማሽን ከተኛ ስምንት ወሩ፤
መለዋወጫውም ጅቡቲ ቀረ፣ እዚያው ከባሕሩ።
እኔም ከፊራ ወረድኩ፣ በሰፈር ባጃጅ፣
ዘይቱና ዘንድ፣ ሽንኩርት ሻጭ፣ የአባቴ ወዳጅ።
«ወሪያ፣ የሚዛን ድንጋይ ምን ሊረባህ?» አለች፤
«የጠብታ ጉልበት ልለካ» ብላት ሳቀች፣ ሳቀች።
ሃምሳ ግራም፣ መቶ ግራም፣ ሁለት መቶ፣
ናሱ በእጅ ብዛት ጠርዙ ሟሙቶ።
«ለጁምዓ ታደርሳለህ፣ ሳይመሽ፣ እሺ አቦ?
እኔ በምን ልመዝን፣ ገበያው ተሰብስቦ?»

ላቦራቶሪው ይጋላል። ማራገቢያው ያቃስታል።
ሂቦ በመርፌ ታንጠባጥባለች፤
ከባሕር አረም የወጣ ዝልግልግ፣ ከእርሾ የተዋሐደ፣
ጠብ ይላል ካልሲየም ካለበት ሳህን፣
ገና ሳይሰጥም ቆዳ ያወጣል፣
እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ብሎ ያፈጣል።
በውስጡ እርሾ አለ፣ ሚሊዮን ታሳሪ፣
ስንቁ በግድግዳ ሾልኮ የሚደርሰው፣ እዚያው ሆኖ ሠሪ።

በመስታወት ቱቦ ሲደረደሩ ነው ጣጣው።
የታችኞቹ የላዮቹን ይሸከማሉ
(ይህንንስ ለማወቅ ጄል መሆን አያሻም)፤
እርሾውም ዝም ብሎ አይታሰርም፣
ይተነፍሳል፣
አረፋው ግድግዳውን ከውስጥ ይሰነጥቃል።

አንዷን በሁለት ስስ መስታወት መካከል አኖርናት።
ሃምሳ። ጠፍጠፍ አለች፤
ሲነሣላት ተመለሰች።
መቶ። ጎኗ አበጠ፣
ሂቦ ትንፋሿን ያዘች።
መቶ ሃምሳ።
ጧ!
መስታወቱ ላይ የእንባ ያህል ውኃ።
«ሠላሳ አንደኛዋ» ብላ ጻፈች፣ እርሳሷን ነክሳ።

«እናጠንክራታ!»
ካልሲየሙን አበዛን፣ ሌሊቱን ዘፍዝፈን አሳደርናት።
ጠጠር ሆነች። ሦስት መቶ ቻለች።
እርሾው ግን ተራበ፤ ስኳሩ ደጅ ቀረ።
አባቴ ምድር ባቡር ጥገና ነበር፣ እንዲህ ይል ነበር፦
«እምቢ ብሎ ያልታጠፈ ባሌስትራ
ነገ ይሰበራል ከነሸክሙ፣ ተራራ ሳይወጣ።»

ደቻቱም ያን ሌሊት ሲመጣ
ግንቡ አልጎነበሰም፤
ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ አልነበረም።
ዛሬ ዳሩ ላይ ድንጋይ በሽቦ መረብ ታስሯል፤
ውኃውን ያሳልፋል፣ እሱ ይቀራል፣
ሆዱ ይነፋል እንጂ አይናድም።
ቅዳሜ ሂቦን ወስጄ አሳየኋት።
ምንም አላለችም።
ጣቷን በሽቦው ቀዳዳ ሰደደች፣ አወጣች።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ፣ የተጣራው ውኃ አለቀ።
ሂቦ ተናዳ በቧንቧ አጠበቻቸው፣
በድሬ ውኃ፣
ማንቆርቆሪያ በሚያነጣው፣ ሳሙና በማያረፋው፣
ከደጋ የመጣ ሁሉ ጠጉሩን ይዞ በሚረግመው።
ረቡዕ መዘንን።
ሁለት መቶ ቻሉ።
ሲነሣላቸው ተመለሱ፣ ክብ እንደ ነበሩ፤
ከቱቦው አፍ አረፋ ብቅ አለ፣ አንድ፣ ሁለት፣
ታሳሪዎቹ ሥራ ላይ ነበሩ።
ለካ የተጣራው ውኃ ኖሯል
ካልሲየሙን በስርቆት የሚያወጣው፤
ንጹሑ ኖሯል ያላላቸው፣
የተረገመው ያጸናቸው።

ሂቦ ጽሑፏ ላይ «የቧንቧ ውኃ» ብላ አሰፈረች።
አማካሪዋ በቀይ፦ «ምን ማለት ነው? በቁጥር ይገለጽ።»
ይኸው አሁን ከየሰፈሩ በላስቲክ ጠርሙስ ትቀዳለች፣
ከሳቢያን፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣
ስም ትለጥፋለች።

እኔ ጁምዓ አልፎ በሌላው ጁምዓ ተመለስኩ።
ዘይቱና በጠጠር ስትመዝን ሰንብታለች፣
ኩርፊያዋ ከፊቷ አልወረደም።
«እና? ስንት ቻለች ጠብታህ?»
«አንድ መካከለኛ ሽንኩርት፣ ግፋ ቢል አንድና ግማሽ።»
«አቦ! ይሄን ደግሞ ማን ያቅተዋል?» አለችና
ናሱን በሽርጧ ጠርጋ ሚዛኑ ላይ ጣለችው፤
ሳህኑ ዝቅ አለ፣ ከፍ አለ፣
ቆይቶ ቦታውን አገኘ።